ያሞቃት ይውሰዳት

በአንድ ወቅት፣ ውርጩ ያልተሸፈነውን ሁሉ በሚልስበት በመንዝ ምድር፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ሹፌር ነበሩ። መኪናቸው ከእሳቸው በፊት ሦስት ባለቤት የቀየረች፣ ቀለሟ ምን እንደነበር ራሷም የረሳች አሮጌ ዳብል ጋቢና ፒካፕ ናት። ምጥ የጠናባትንም ከገደል የወደቀውንም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚያደርሱት በእሷ ነበር። ሦስት ልጆች ወልደዋል። የበኩር ልጃቸው ላቀው ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ መካኒክ ሆኗል። ሁለተኛዋ አስካለ እዚያው መሐል ሜዳ አዋላጅ ነርስ ናት። የመጨረሻው ምንተስኖት ከአባቱ ሳይለይ እያረሰ ይኖራል። ታሪኩ የሦስቱም ነው፤ ሰላም ያጣው ግን ላቀው ስለሆነ፣ ከእሱ ጎን ቆመን ብናየው ይሻላል።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አባቱ ሰው ሊያደርሱ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ መኪናዋ በቆላው ሙቀት ፈላች። ላቀው ኮፈኑን ከፈተና ቴርሞስታቷን ነቅሎ ጣላት። ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ ሳይሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምትዘጋ፣ ሲሞቅ ደግሞ የምትከፍት ትንሽ በር ናት። የጋቢናው ማሞቂያ የሚሞቀውም በዚሁ ውሃ ነው። በቆላ ጋራዥ ግን እንደ ጠላት ነው የምትታየው። መኪና ፈላ ከተባለ መጀመሪያ የምትነቀለው እሷ ናት፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ላቀውም አልጠየቀም፣ ለአባቱም አልነገራቸውም። ላብ በላብ ሆኖ የሚውል መካኒክ ስለ ማሞቂያ ምን ገዶት!

ክረምት ሲገባ አባቱ ስልክ ደወሉ።

«ላቀው፣ ይቺ መኪና ካንተ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ማሞቂያዋ ውርጭ ነው የሚነፋው።»

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ግን መካኒክ ተብሎ ተሳስቻለሁ ማለት ከበደው።

«አርጅታ ነው አባባ» አላቸው።

«እንደኔ ናታ!» ብለው ስቀው ዘጉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የላቀው ወለምታም ሦስት ክረምት ሙሉ ሳይታሽ ቆየ።

ባለፈው ታኅሣሥ አቶ ሸዋንግዛው አንዲት ወላድ ደብረ ብርሃን አድርሰው ሲመለሱ ጣርማ በር ላይ ጉም ዘጋባቸው። ምንተስኖት አብሯቸው ነበር። መንገዱ እስኪታይ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሙ፤ ማሞቂያው ቅዝቃዜ ይተፋል። ምንተስኖት የለበሰውን ባና፣ ያንን የመንዝ በግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አውልቆ አባቱን ጠቀለለና እሱ በሸሚዝ ቀርቶ አቅፏቸው ተቀመጠ። ቤታቸው በደህና ገቡ። ነገር ግን የሳንባ ምች ያዛቸውና በስድስተኛው ቀን አረፉ።

ሲናዘዙ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ስለ መኪናዋ አንድ ቃል ተናግረው ነበር። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሰንበት «‹ያሞቃት ይውሰዳት› ነው ያሉት» አሉ። ራስጌ የነበረው ምንተስኖት ግን «የለም፣ ‹ያሞቀኝ ይውሰዳት› ነው ያሉት» አለ። የሁለት ፊደል ልዩነት! ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ሊምሉ ተዘጋጅተው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን የሚደፍራት ጠፋ። ሞተሯ ተነሥቶ ማሞቂያው ሲከፈት ከዳሽቦርዱ ኋላ የሰው ጥርስ የሚንገጫገጭ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከቀዝቃዛው ነፋስ ጋር ደግሞ ከሟቹ ኪስ የማይጠፋው የጤና አዳም ሽታ ይመጣል። ጎረቤቱ «ሰውየው ዛሬም በርዷቸዋል» እያለ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ።

ላቀው ለአርባቸው ከቆላ ሲመጣ ይህን ነገሩት። «ወሬኞች!» ብሎ እየሳቀ ገብቶ ማሞቂያውን ከፈተው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ድምፁ ግን አብሮት ወረደ። እህል ሲጎርስ ይሰማዋል፣ ሰው ሲያናግረው ይሰማዋል። ፈራ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ጸጸቱ አንገበገበው። መኪናዋን ፈለጋት፤ የፈለጋትም ሊነዳት አልነበረም። «አባባ መኪናዋን ለእኔ ካደረጓት ምረውኛል ማለት ነው፤ ካልሆነ ግን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ በልቡ ቆርጦ ነበር።

አርባው በወጣ ማግሥት ሦስቱም መኪናዋን ከበቧት፤ መምሬም ቁልፉን ይዘው ቆሙ። ላቀው ዳሽቦርዱን ልፍታ ብሎ ተነሣ። ሞተሩን ሊያየው አልፈለገም።

አስካለ ያዘችው። «ቆይ እስቲ። ጥርሱ የሚንገጫገጭ በሽተኛ ቢመጣልህ ጥርሱን ነው የምትነቅለው?» አለችና ሞተሩን አስነሥታ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ምጥ በምትለካበት ጣቷ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለቱን የውሃ ጎማዎች ዳሰሰች፤ ሁለቱም ለብ ከማለት አላለፉም። የሙቀት መለኪያዋም መርፌ ከታች አልተነሣችም። «የታመመው ማሞቂያው አይደለም» አለች። «ሞተሩ ራሱ አልሞቀም። የሌለውን ከየት አምጥቶ ይስጥ? ሙቀቱን የሚይዝለት አንድ ነገር ጎድሎታል። ውሃው ከሞተሩ የሚወጣበትን፣ እዚህ ጋ ክፈተው።» ላቀው ከፈተው። የቴርሞስታቷ ቦታ ባዶ ነበር። ማን እንደነቀላት አስካለ አልጠየቀችም፤ ላቀውም አልተናገረም።

በነጋታው በአውቶቡስ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ሱቁን ሁሉ ዞረ፤ ሁሉም ነቅሎ በሚጥልበት ከተማ ቴርሞስታት ማን ይሸጣል? በመጨረሻ ወደ ራሱ ጋራዥ ጓሮ ሄደ። እሱና ባልደረቦቹ በየዓመቱ የነቀሏቸው በአንድ ዝገት በበላው በርሜል ውስጥ ተከምረው ነበር። እያንዳንዷ የአንድ ደጋ ሰው ሙቀት ነበረች። የአባቱ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተው፤ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ በመኪናዋ ልክ የሆኑትን መርጦ ብረት ድስት ውስጥ ውሃ አፈላና አንድ በአንድ ጨመራቸው። ሌሎቹ ሁሉ ዝገት ይዟቸው አልተከፈቱም። አንዲቷ ብቻ በፈላው ውሃ ውስጥ ቀስ ብላ ተከፈተች።

እሷን ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ወጣና በቦታዋ ገጠማት። የማሞቂያውን ውስጥ፣ ጭቃው ተጠርጎ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ አጠበው። ከዳሽቦርዱ ኋላ የተሰበረውን የነፋስ መክደኛ ጠገነ፤ ሲንቀጫቀጭ የኖረው እሱ ነበር። ከነፋሱ መውጫም የደረቀ የጤና አዳም ቅንጣቢ አወጣ። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደቆየ ጋቢናው በሙቅ አየር ተሞላ። አስካለ እጇን ዘርግታ «እልል!» አለች። ምንተስኖት «ድምፁም ጠፋ» አለ። ላቀው ግን አሁንም ይሰማው ነበር።

ከእርጅናዋ የተነሣ ሞተሯ ሳይጠፋ ቁልፏ ይነቀላል፤ መምሬ ነቅለው ዘረጉለት። «እንግዲህ ልጄ፣ ያሞቃት አንተ ነህ። እንካ።»

ላቀው እጁን ዘረጋ። ቁልፉ መዳፉን ሊነካው ሲል ግን ሰበሰበው።

«መምሬ፣ የነቀልኳት እኔ ነኝ» አለ።

አስካለ ቀስ ብላ፣ «አባባ ደውለው ሲጠይቁህስ?» አለችው።

«አርጅታ ነው አልኳቸው።»

ምንተስኖት ወደ ወንድሙ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ሊመታው ነው ብለው ፈሩ፤ እሱ ግን ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንባውን ሲጠርግ እንዲህ አለ፦ «እኔ መኪና አላሞቅሁም። ያለችኝን አንዲት ልብስ ሰጥቼ አባቴን አሞቅሁ። እሳቸውም ‹ያሞቀኝ› ነው ያሉት። መኪናዋ የኔ ናት።» ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ምንተስኖት መንዳት አይችልም። «ያሞቀኝ» የምትለዋንም ቃል ከእሱ በቀር የሰማ የለም።

አስካለም ዝም አላለችም። «በሽታው ካልታወቀ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል? በሽታዋን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልይዘው ላቀው እስከ ዛሬ ዳሽቦርድ ሲፈታ ነበር። መንገድ ላይ በብርድ የሚወልዱትንም የማመላልሳቸው እኔ ነኝ» አለች። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን አባቷ በሕይወት ሳሉ ሦስት ክረምት ሙሉ እዚያች መኪና ውስጥ አብራቸው ስትንቀጠቀጥ፣ ያቺን አዋቂ ጣቷን አንድ ቀን እንኳ አልዘረጋችም።

«አንተስ?» አሉት መምሬ።

«እኔ የምለው የለኝም» አለ ላቀው። «አባባ ቢሰጡኝ ግን እወዳለሁ።»

መምሬ ወልደ ሰንበት የሚፈርዱት ቢያጡ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። መኪናዋ ሞተሯ እንደተነሣ፣ ጋቢናዋ እንደሞቀ ቆማለች። ሦስቱም እየተያዩ ከውርጩ ላይ ቆመዋል፤ ቀድሞ የሚገባ ጠፋ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? በሽታዋን ላገኘችው? ልብሱን አውልቆ አባቱን ላቀፈው? ወይስ ለላቀው? ለላቀው ካላችሁ ደግሞ፣ የምትሰጡት ስላሞቃት ነው ወይስ ስለተናገረ?