በጎተራው መስኮት ስር የቆሙት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ አብረውኝ ለሚሠሩትም። የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሼ የመሥሪያ ቤታችንን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምጠብቅ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ማሽኑ ሲያስቸግረኝ የማስበው በተረት ነው። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ስደብቀው ኖርኩ።

አንድ ቀን ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ። መቆጣጠሪያው ላይ፣ ታግደው የቆሙ ሥራዎች በሚቆጠሩበት ቦታ፣ ትልቅ ቁጥር ይታያል። አለቃዬ አቶ መንበሩ፣ "አርጅቷል። ነገ አውጥተን እንጥለውና ፈጣን ፕሮሰሰር ያለው እንገዛለን" አሉ። እኔ አፍሬ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለራሴ እንዲህ ብዬ ተረትኩ። ጆሮ ከሰጣችሁኝ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ወፍጮ በሚያስፈጩበት ዘመን፣ አንበሳ ንጉሥ ነበር። የሁሉም እህል የሚቀመጠው በአንድ ጎተራ ሲሆን ጠባቂዋ ኤሊ ነበረች። አስፈጪ ባዶ ከረጢቱን በመስኮት ያቀብላታል፤ እሷ ሞልታ ትመልስለታለች፤ እሱም ተሸክሞ ወደ ወፍጮው ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከረጢቱን በመስኮት ያስገባ፣ ሳይመለስለት አይነቃነቅም። ከተነቃነቀ እህሉ መሬት ላይ ይፈሳል።

ቁራ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰልፈኛውን እየቆጠረ ይጮኻል። አንድ ቀን እንዲህ አለ፦

"ቋ! በወፍጮው ደጅ አንድ! በመስኮቱ ስር ዘጠኝ!"

"ዘጠኝ ሰነፍ!" ብሎ አንበሳ አገሳ። "ከዚያ ጥፉ፣ አለዚያ እበላችኋለሁ!"

አህያ፣ "ጃንሆይ፣ ከረጢቴ ውስጥ ነው። ይብሉኝ፤ ግን ከተመለሰልኝ በኋላ ይሁን" አለች። ማንም ንቅንቅ አላለም።

"ቋ! በመስኮቱ ስር ዘጠኝ!"

"ጃንሆይ፣ ጥፋቱ የወፍጮው ነው" አለ ቀበሮ። "ቶሎ ቶሎ ይዙር!"

በሬ ወፍጮውን አፈጠነው። ወፍጮው የሚፈጨው አጥቶ ድንጋይ ለድንጋይ እየተፋጨ የእሳት ፍንጣሪ ረጨ።

"ቋ! በመስኮቱ ስር ዘጠኝ!"

"እንግዲያው ይሰበር! ሌላ እናመጣለን!" አለ አንበሳ። በሬ መዶሻ አነሣ።

"ኧረ ጃንሆይ!" ብሎ ወፍጮው ጮኸ። "እህል መጥቶልኝ መቼ እምቢ አልኩ? ደጄ ላይ የነበረውን የፍየልን ጨርሼ አፌን ከፍቼ ተቀምጫለሁ!"

"ዝም በል፣ አንተ ጥርሰ ዱልዱም!" አለው ቀበሮ።

ይሄኔ ጃርት ብቅ አለች። "ቁራ ስንት እንደቆሙ ነገረን። ምን እንደሚጠብቁ ግን ማን ጠየቀ?"

"ወፍጮውን ነዋ፣ አንቺ እሾሃም!" አላት ቀበሮ።

"ወፍጮውን የሚጠብቅ እደጁ ላይ ነው የሚቆመው። እዚያ የነበረው ፍየል ብቻ ነው፤ እሱም አስፈጭቶ ሄዷል።"

ጃርት ሄዳ በመስኮቱ አጮልቃ አየች። ጉማሬ ለክፉ ቀን ብሎ የጎተራውን እህል በሙሉ ወደ ሌላ ጉድጓድ ያስገለብጣል። ተሸካሚዋ ደግሞ ያቺው ኤሊ ናት።

"እማማ ኤሊ፣ ምነው እንዲህ?"

"ልጄ፣ ለጉማሬ አንድ ጊዜ፣ ለአህያ አንድ ጊዜ እመላለሳለሁ። ወገቤ ያው አንድ ነው።"

እኔ ይቺን ኤሊ አደንቃታለሁ። ያን ሁሉ ስትሸከም አንዲት ፍሬ አላፈሰሰችም፤ የአንዱን ከረጢት ለሌላው አልሰጠችም። አህያንም አደንቃታለሁ፤ በአንበሳ አፍ ፊት ቦታዋን አልለቀቀችም።

"ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነውር ነው እንዴ?" ብሎ ጉማሬ አኮረፈ።

"አይደለም፣ ጋሼ ጉማሬ" አለች ጃርት። " ወፍጮው ሲያርፍ፣ ማታ ማታ ይምጡ።"

ጉማሬ እያጉረመረመ ሄደ። ከረጢቶቹ ተራ በተራ ወጡ፤ ወፍጮውም እየዘፈነ ፈጨ።

"ቋ! በመስኮቱ ስር አንድ!"

"አሁንም አንድ አለ!" ብሎ አንበሳ ዘለለ።

"ጃንሆይ፣ ከረጢቱን ተቀብሎ የሚሄድ ሁልጊዜ ይኖራል" አለች ጃርት። "የሚያሰጋው ቁጥሩ በዝቶ አልወርድ ሲል ነው።"

አንበሳ ጎፈሩን አከከና መዶሻውን አስጣለ። እናንተም ወገኖቼ፣ የቆመውን ሁሉ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚጠብቅ ጠይቁት።

በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ሥራዎቹ የሚጠብቁት የሚያሰላውን ፕሮሰሰር ሳይሆን መረጃው የሚቀመጥበትን ዲስክ ነበር፤ ዲስኩን ያጨናነቀው ደግሞ በሥራ ሰዓት የሚወሰደውና ከትናንት ጀምሮ ገና ያላለቀው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ቅጂውን አስቁሜ ወደ ማታ አዛወርኩት። አቶ መንበሩ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትለው ሲመጡ በሩ ላይ ቆምኩ።

"አሳልፊን እንጂ፣ ልጄ።"

ፊቴ እንደ ፍም ጋለ። "አይወጣም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ይህን ይዩ።" ከዚያም ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ከጎናቸው ቆሜ፣ ቁጥሩ እየወረደ እየወረደ ሲሄድ፣ እያንዳንዱ ሥራ ምን ሲጠብቅ እንደነበር በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው።