በሕንድ ባሕር መካከል ስለ ጣፈጠው ውኃ

ምእመናን ሆይ፥ ጆሯችሁን አዘንብሉ፤ አምላክን የወለደች ክብርት እመቤታችን ድንግል ማርያም በባሕር ላይ ለአንድ ወዳጇ ያደረገችውን እንነግራችኋለን። ምልጃዋ ከሁላችን ጋር ይሁን።

በአዱሊስ ወደብ ፍሬ ጽዮን የሚባል ነጋዴ ነበረ፤ የዝሆን ጥርስና ዕጣን በመርከብ እያስጫነ ወደ ሕንድ ሀገር ይሄድና ቁንዶ በርበሬ፥ ዝንጅብልና ቀረፋ ይዞ ይመለስ ነበር። እመቤታችንንም እጅግ ይወድ ነበርና፥ ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሰደድ በበረሃ ያገኛትን ጥም እያሰበ፥ በየቀኑ ውዳሴዋን ሳይደግምና የመጀመሪያውን ጽዋ በስሟ ለተጠማ ሰው ሳያጠጣ ውኃ በአፉ አያገባም ነበር። በየብስም በባሕርም ይህን ስእለቱን አስታጉሎ አያውቅም።

በአንድ ዘመን ከሕንድ ሲመለስ፥ መርከቢቱ ቁንዶ በርበሬ እስከ አፏ ተጭና ሳለች፥ ወደ ምዕራብ የሚገፋት ነፋስ ድንገት ቀጥ አለና ሸራዋ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ወዲህም ወዲያም የማትል ሆነች፤ የመጠጡም ውኃ በጋኖቹ ውስጥ እያደር ጎደለ። ከዚያም ኩርያን የሚባል ከሕንድ የተቀጠረ መርከበኛ በንዳድ ታሞ ወደቀና ፍሬ ጽዮን ከድርሻው የመጀመሪያውን ጽዋ ለእርሱ ያጠጣው ጀመር።

የመርከቢቱ አለቃ ሳዊሮስም ይህን አይቶ ተቆጣ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፥ ነገር ግን ፍርሃት ልቡን ይዞት ነበርና፦

«ለሚሞት ሰው ውኃ ማጠጣት በአሸዋ ላይ ማፍሰስ ነው። ደግሞም በሽታው ለሁላችን ይተርፋል። በታንኳ አውርዱት!» አለ።

ፍሬ ጽዮንም ተነሥቶ በበሽተኛው ፊት ቆመና፦ «እርሱን ካወረዳችሁት እኔንም አብራችሁ አውርዱኝ» አላቸው። ይህን ያለው ያፍራሉ ብሎ ነበር፤ ሳዊሮስ ግን «እንግዲያውስ ውረድ!» አለው። ሁለቱንም አንድ ባዶ ጋን፥ አንድ ቅልና አንድ መቅዘፊያ ሰጥተው በታንኳ አወረዷቸው፤ የባሕሩም ፈሳሽ ታንኳዪቱን ከመርከቢቱ ጥቂት በጥቂት እያራቀ ወሰዳት።

ፀሐይም በበረታች ጊዜ የኩርያን ከንፈር ተሰነጠቀና ቃል መናገር ተሳነው። ፍሬ ጽዮን ለወትሮው እንደሚያደርገው ውዳሴዋን ደገመ፤ ነገር ግን የሚሰጠው ጽዋ አልነበረውምና ቅሉን በጉልበቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ቀና ባለም ጊዜ ብርሃን የለበሰች ሴት በውኃው ላይ ቆማ አያት፤ የልብሷም ጫፍ አልራሰም ነበር።

«ፍሬ ጽዮን ሆይ፥ ምን ያስለቅስሃል?» አለችው።

«እመቤቴ ሆይ፥ ይህ እንግዳ ሰው በእጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው።»

«ቅልህን ከእግሬ በታች አጥልቀህ ቅዳ።»

«እመቤቴ፥ ይህ እኮ ጨው ነው!» አላት፤ ጥሙ ድፍረት ሰጥቶት ነበርና።

እርስዋም ፈገግ ብላ፦ «ጨዉን የፈጠረ ጣፋጩንም ፈጥሯል፤ ቅዳ» አለችውና ከዓይኑ ተሰወረች።

ቅሉን አጥልቆ ቀዳና በምላሱ ጫፍ ቀመሰው፤ እነሆም ከተራራ እንደሚወርድ ምንጭ የቀዘቀዘና የጣፈጠ ነበር። ያን ጊዜ ኩርያንን ደግፎ አጠጣው፤ ንዳዱም ወዲያው ለቀቀውና ተነሥቶ ተቀመጠ። ፍሬ ጽዮንም ከጠጣ በኋላ ጋኑን እስከ አፉ ሞሉት።

ከዚያም የባሕሩ ፈሳሽ ተመልሶ ታንኳዪቱን ወደ መርከቢቱ አቀረባት፤ ፍሬ ጽዮንም ይቀዝፍ ጀመር። በዚያም ያሉት የመጨረሻውን ጋን አራግፈው ጨርሰው፥ በቁንዶ በርበሬው ከረጢት ላይ ተዘርረው ያቃስቱ ነበር፤ ሳዊሮስም ምላሱ አብጦ ከመሪው እንጨት ሥር ወድቆ ነበር። ፍሬ ጽዮን ሰው ነውና ባያቸው ጊዜ ቂም ልቡን ነካው፤ ቀዘፋውንም አቆመ። ኩርያን ግን «ለምን ቆምህ?» አለው።

«እነዚህ ለእኛ ምን አዘኑልን?»

«ውኃው የእኛ ነውን? የሰጠችን እርስዋ አይደለችምን?»

ፍሬ ጽዮንም አፈረና ቀዘፈ፤ ወደ መርከቢቱም ወጥተው ለሁሉ አደሉ። ኩርያንም ወደ ሳዊሮስ ቀርቦ ጽዋውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋለት፤ እርሱ ግን ፊቱን አዞረ።

«ከአንተ እጅ እንዴት እጠጣለሁ? አውጥቼ የጣልሁህ እኔ ነኝ።»

ኩርያንም «ጠጣ እንጂ አለቃዬ፤ አንተ ከሞትህ መርከቢቱን ማን ይመራልናል?» አለው።

ሳዊሮስም ጠጣ፤ እንባውም ከውኃው ጋር በጽዋው ውስጥ ወረደ። ተነሥቶም የመሪውን እንጨት በያዘ ጊዜ ነፋስ መጣና ሸራውን ሞላ። በደኅናም ወደ አዱሊስ ገቡና፥ ሸክማቸውን ሳያራግፉ ወደ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሄደው፥ አለቃውና ያ ሕንዳዊ ጎን ለጎን ሰግደው እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ለእነዚያ በጭንቃቸው ሰዓት የደረሰች እመቤት ለእኛም ትድረስልን፤ በባሕር ያሉትን ወደ ወደባቸው፥ የተጣሉትን ወደ ፍቅር ትመልስልን፤ ይህን ያነበበውንና የሰማችሁትን ሁላችሁን በልጇ ፊት ታስባችሁ፥ ለዘለዓለሙ አሜን።