ለሥራ አስኪያጁ ያልተነሣው ቧንቧ ሠራተኛ

አንድ ክብር የማይጠግቡ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። እሳቸው ሲገቡ «ኖር» ብሎ ያልተነሣላቸውን፣ ነፍሰ ጡር እንኳ ብትሆን፣ ሳይቀጡ አያድሩም።

አንድ ቀን በቢሯቸው ያለው የገዛ ሽንት ቤታቸው መቀመጫ ብሎኖቹ ዝገው ይወዛወዝባቸው ጀመር። የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ የዛጉትን አውጥቶ፣ ወለሉ ላይ ተንጋሎ አዲሶቹን ከሥር ሲያጠብቅ፣ ሥራ አስኪያጁ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«አንተ! እኔ ስገባ ተጋድመህ ትጠብቀኛለህ? አሁኑኑ ብድግ በል! አለዚያ ከሥራህ ተባረሃል!»

ሰውዬው መፍቻውን ሳይለቅ ከወለሉ ቀና ብሎ አያቸው።

«ኖር ጌታዬ! መነሣቱስ ቀላል ነበር። ግን ይቺን ብሎን ሳላጠብቅ ከተነሣሁልዎ፣ ነገ እርስዎን ለማንሣት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እዚህ መግባቱ ነው» አላቸው።