የሚኒሞው ብሎን

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ዓይኑ የደከመውን አባቴን ሳላዋርደው እንዴት እውነቱን ልንገረው ብለህ ጠይቀኸኝ የለ፤ እንግዲያው የዚህን ሰው ነገር ስማ፣ ቢመርህም እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ሞተረኛው አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረችው። የሚያስተካክልለት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ሽማግሌው ካርቡሬተር የሚቃኘው በጆሮው ነበር። ሞተሯን አስነስቶ በደንብ እስክትሞቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ቤንዚንና አየር የሚያመጣጥነውን ብሎን ቀስ እያለ ያዞራል። ድምፁ ሲጠራለት በሌላው ብሎን ሚኒሞውን ያወርደዋል፤ ሚኒሞ ማለት ነጂው ነዳጅ ሳይሰጣት፣ ሞተር ሳይክሏ ቆማ ሞተሯ የምትዞርበት ፍጥነት ነው። በዚያ አገር የእሱን ጆሮ የሚያህል አልነበረም። ሞተረኛውንም መንዳት ያስተማረው እሱ ስለሆነ እንደ አባቱ ያየው ነበር።

ዓመታት አለፉና የሽማግሌው ጆሮ ደከመ። ሞተር የሚሰማው ሲጮህ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ሚኒሞውን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ያደርግና «አሁን ዘፈነች!» ይላል። እንዲህ የተለቀቀች ሞተር ደግሞ ቁልቁለት ላይ እጅህን ከነዳጁ ብታነሳም ወደፊት መጎተቷን አትተውም።

ሞተረኛው ይህን ከማንም ቀድሞ አወቀ። ግን ይሉኝታ ያዘው። «እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» ብሎ ይወጣና ከጋራዡ አለፍ ብሎ ያለውን ወፍጮ ቤት እንደታጠፈ ይቆማል። ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ ሚኒሞውን ራሱ ያወርደዋል። ሌሎቹም ደንበኞች እንዲሁ ያደርጉ ጀመር። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሲገናኙ ተያይተው ፈገግ ይላሉ፤ አክባሪዎች ነን ብለው እኮ ነው!

አንድ ቀን ሞተረኛው ሄልሜቱን ጋራዡ ውስጥ ረሳ። ሽማግሌው አንጠልጥሎለት ተከተለው። ሞተረኛው ቁጢጥ ብሎ ብሎኑን ሲያዞር ቆይቶ ቀና ቢል፣ ሽማግሌው አጠገቡ ቆሟል።

«ምን ሆነችብህ? ጠፋች እንዴ?» አለ ሽማግሌው።

«ምንም አልሆነች፣ ጋሼ» አለ፣ ካቻቢቴውን በእጁ እንደያዘ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ መዳፉን ሞተሯ ላይ አሳረፈ። አልጠፋችም። ረጋ ብላ እየሠራች ነው፤ እሱ ነው ያልሰማት። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው።

ሞተረኛው ሊያጽናናው ፈልጎ «እኔ ብቻ አይደለሁም ጋሼ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው» አለ። ባይናገር ይሻል ነበር። ሽማግሌው ሄልሜቱን ደረቱ ላይ አቀፈ፤ ለካ ያልተነገረው እሱ ብቻ ኖሯል።

ከዚያ «ዛሬ ጠዋት የሠራሁለት እንግዳ ሰውስ?» አለ። «ሚስቱን አፈናጦ ቁልቁለቱን የወረደው? እሱም ያውቃል?»

እንግዳው አያውቅም ነበር። ጠዋት የእንግዳው ሞተር ስትጮህ ሞተረኛው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሽማግሌው ፊት መናገር ስላፈረ «መልካም መንገድ» ብሎ ነበር የሸኘው።

ሞተረኛው ወዲያው ሽማግሌውን ከኋላው አፈናጦ ቁልቁለቱን በረረ። ሲደርሱ ሞተር ሳይክሏ ቦይ ውስጥ ወድቃለች፤ ሚስትየው መንገድ ዳር ተቀምጣ የተሰበረ ክንዷን ታቅፋ ታቃስታለች። ሽማግሌው እግራቸው ሥር ወድቆ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ባልየው ግን የሚያየው ሽማግሌውን አልነበረም።

«ጠዋት መልካም መንገድ ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለው ሞተረኛውን።

ሞተረኛው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውንም ባልየውንም ዓይን ዓይናቸውን ማየት አቃተው።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም አባትህ ሚኒባሱን ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጠህ «ሰው አለ፣ ጉድጓድ አለ» እያልክ በሹክሹክታ ትመራዋለህ። ይህንንም አክብሮት ትለዋለህ። ሞተረኛውም አክብሮት ብሎት ነበር። እውነቱን ብትነግረው አባትህ ያፍራል፣ አዎ ያፍራል፤ ግን ቤቱ ውስጥ፣ ልጁ ፊት ነው የሚያፍረው። አንተ እስከ ዛሬ የሸሸኸው የእሱን ሀፍረት አይደለም፣ የራስህን ነው።

አሁን አንተ እዚህ ከእኔ ጋር ተቀምጠሃል። አባትህ ደግሞ በጠዋት ሰው ጭኖ ወጣ ብለኸኛል። እስቲ ንገረኝ፣ ዛሬ ከጎኑ ማን አለ?