የቀኙ ፍሬቻ

በዲላ መናኸሪያ ሹፌሮች የሚወዷት አንዲት አባባል አለች። አዲስ ሹፌር «እኔ ሥራዬን ለምጄዋለሁ» ብሎ ሲኩራራ ከሰሙ፣ አንዱ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይወረውርለታል። ወጣቶቹ ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። መነሻዋ በድሉ ጅግሶ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የተነገረችውም እዚህ ሳይሆን ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ፣ በአንድ የሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ ነው።

በድሉ ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ነበር። ከሐዋሳ እስከ ያቤሎ ያለውን ጠመዝማዛ ሁሉ የቤቱን ጓዳ ያህል ያውቀዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭቶ አያውቅም። ልጃቸውን ብቻውን ወደ ዘመድ የሚልኩ እናቶች ሌላውን መኪና አሳልፈው የእሱን ተራ ይጠብቁ ነበር። ሀብቱም ስሙም ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረውም።

ታዲያ በአንድ የጥር ወር ጋሽ ወራሳ ቤቱ ድረስ መጡ። ጋሽ ወራሳ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በሰፈሩ የተጣላ ሲኖር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ኬንያ ውስጥ ማርሳቢት ከሚኖር የቡርጂ ቤተሰብ ሚስት ሊያገባ ነው። እሱ ቀድሞ ሄዷል፤ አሁን ደግሞ ሙሽራዋን የሚቀበሉ አሥራ አንድ ሰዎች መሄድ አለባቸው።

«አንተ ታደርሰናለህ» አሉት።

የበድሉ ፊት ጠቆረ። «ጋሼ፣ እዚያ እኮ የሚነዳው በግራ በኩል ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ብትፈልጉ አይሻልም?»

«ሌላ ማንን ልመን? ቤተሰቤን በሙሉ ነው እኮ የምጭንልህ።»

ይህ ቃላቸው እንደ ምስጋና ሳይሆን እንደ ድንጋይ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ግን እንዴት እምቢ ይበል?

ሞያሌ ሲደርሱ ድንበሩን ከመሻገሩ በፊት ጉዮ የሚባል፣ በሁለቱም አገር የሚመላለስ ሹፌር ፈልጎ አገኘና እንደ ተማሪ ከፊቱ ቁጢጥ አለ። ጉዮ በእንጨት መሬት ላይ እየጫረ አስረዳው።

«ግራህን ያዝ። አደባባይ ስትደርስ ወደ ግራ ገብተህ ዙር፣ በቀኝህ የሚመጣውን አሳልፍ። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ከፊት የሚመጣውን ጠብቅ። ከተማ ውስጥ ከሃምሳ አትለፍ። ሌላው እንደ እኛው ነው።»

«ሌላው እንደ እኛው ነው?» ብሎ በድሉ ደገመው።

«አዎ፤ መንገድ መንገድ ነው።»

በድሉ ግን አላመነም። ቁራጭ ወረቀት ላይ በትልቁ «ግራ» ብሎ ጻፈና ከመሪው ፊት ለጠፋት። ከዚያ «በስምህ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ኬላውን እንደተሻገረ የመጀመሪያው መኪና ከፊት ሲመጣ ሰውነቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሽሽ አለው። እጁ ሊጠመዝዝ፣ አእምሮው ሊከለክል ሲታገሉ መሪው በመሃል ተንቀጠቀጠ። መኪናው እሽው ብሎ አለፈ። ሌላው መጣ። እያንዳንዱ ሊገጨው የመጣ ይመስለው ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መቀመጫው ነው። የአገራችን መኪና መሪው በግራ ስለሆነ፣ በግራ በኩል ሲነዱት ሹፌሩ ቦዩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጋቢና የተቀመጡት ጋሽ ወራሳ ናቸው መሃል መንገዱን ያገኙት። የሚመጣው ሁሉ በእሳቸው ጉልበት አጠገብ ነው የሚያልፈው።

እኩሌታውን መንገድ ጨርሰው ቱርቢ የምትባል መንደር ላይ ቆሙና እግራቸውን አፍታቱ፣ ውኃ ጠጡ። በድሉ ፊቱን ታጠበ፤ ትንሽ ቀለል አለው። ተነሥተው ወደ በረሃው ሲወጡ መንገዱ ባዶ ነበር። ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስና ቀጥ ያለ አስፋልት እንጂ ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ረገብ አለ። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ተመቸችው።

አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄዱ ጋሽ ወራሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በድሉ፣ ወረቀቱ ላይ የጻፍከው ግራ አልነበረም?» አሉት።

በድሉ ክው አለ። በቀኝ በኩል ነበር የሚነዳው። ሳያስበው፣ ሳይወስን፣ እጁ ራሱ ወስዶት። መኪናውን ወደ ግራ መለሰና ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ላቡን ጠረገ። ማንም አልመጣባቸውም። ቢመጣስ ኖሮ? ይህቺ «ቢመጣስ» የምትባል ነገር ከዚያች ሰዓት ጀምራ አልለቀቀችውም። የወረቀቷን ፊደል ዓይኑ እስኪደክም አፈጠጠባት። ከራሱ እጅ ተጣልቶ እንዴት ይነዳል? እሱ ሰውን እንጂ የገዛ እጁን ፈርቶ አያውቅም።

ሜዳው አልቆ የማርሳቢት ዳገት ሲጀምር አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከፊታቸው ገባ። ጆንያ ተራራ አድርጎ ጭኗል። እያቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንደ ኤሊ ይጎተታል። በድሉ ከኋላው ሃያ ደቂቃ ታገሠ። ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰዎቹ መሳል ጀመሩ። የሙሽራው አክስት እትዬ ፋንታዬ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰዎቹ ደጅ ቆመው እየጠበቁን ነው» አሉ።

አገሩ ቢሆን በግራ መስኮት ብቅ ብሎ አይቶ ይቀድም ነበር። እዚህ ግን ከፊት ያለውን ለማየት ሚኒባሱን በሙሉ ወደ መሃል ማውጣት አለበት።

«ጋሼ፣ ከፊት የሚመጣ ይታይዎታል?»

«እኔ ጭሱን ነው የማየው ልጄ። ዓይኔም እንደ ዱሮው አይደለም።»

በዚህ መሃል የጭነት መኪናው የቀኝ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

የበድሉ ልብ አረፈ። እዚህ አገራችን መንገድ ላይ ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ ካበራልህ፣ «ጠርዜን ይዤልሃለሁ፣ ከፊት ማንም የለም፣ እለፍ» ማለቱ ነው። የግራውን ካበራ፣ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። ይህ በመጽሐፍ የለም፤ ሹፌር ከሹፌር የሚማረው ነው። በድሉ በዚህ ምልክት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሄድ አንድም ቀን አልዋሸውም። ቀኑን ሙሉ በማያውቀው ቋንቋ ሲጮህበት የዋለ ሰው በአፍ መፍቻው ሲጠሩት የሚሰማውን ያህል ደስ አለው። በአጭሩ ጡሩምባ ነፍቶ አመሰገነ፤ ማርሽ ቀየረና ወደ ቀኝ ወጣ።

ጋሽ ወራሳ ናቸው ቀድመው ያዩት። አልጮሁም። «በድሉ» ብቻ አሉ፤ ሁለት እጃቸውም ከፊታቸው ያለውን ዳሽቦርድ ያዘ።

የነዳጅ ቦቴ ነበር። ቁልቁለቱን ይዞ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ ይመጣል። በበድሉ ግራ ጆንያ የጫነው መኪና እንደ ግድግዳ ቆሞበታል፤ በቀኙ ገደል ነው። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ግማሽ አካሉ ወጥቷል። የጭነት መኪናው ፍሬቻ አሁንም በቀኝ በኩል እየበራ ነው። እለፍ እያለው ነው እንዴ? ወዴት? እግሩ ፍሬን ላይ ወደቀ። ጎማው ጮኸ። እትዬ ፋንታዬ «ማርያም!» አሉ።

ያዳናቸው የጭነት መኪናው ሹፌር ነው። መኪናውን በጭነቱ ክብደት ወደ ግራ ጣለው፤ ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ወጥተው ጠጠሩን እየበተኑ ሄዱ። በመሃል ለአንድ ሚኒባስ የምትበቃ ቀዳዳ ተከፈተች። በድሉ መሪውን እንዴት እንደጠመዘዘ እስከ ዛሬ አያስታውስም። ቦቴው ሲያልፍ ነፋሱ ሚኒባሱን አናወጠው፤ በጋሽ ወራሳ በኩል ያለውን የጎን መስታወት ጧ አድርጎ ሰብሮ ሄደ። ጡሩምባው ከቁልቁለቱ ግርጌ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

በድሉ ጠርዝ ላይ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። እጁን ከመሪው ማላቀቅ ግን አቃተው፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ጋሽ ወራሳ አንድ በአንድ ፈልቅቀው አላቀቁለት።

የጭነት መኪናው ሹፌር እየሮጠ መጣ። ሐሰን የሚባል ግዙፍ ሰው ነው። መጀመሪያ በስዋሂሊ፣ ቀጥሎ በቦረና አፍ ጮኸ፤ ቋንቋውን በድሉም ያውቀዋል።

«ዓይን የለህም? አትውጣ እያልኩህ?»

«እለፍ አልከኝ እንጂ!»

«እኔ? መቼ?»

«በቀኝ ፍሬቻ!»

ሐሰን ወደ ሚኒባሱ ዞረ። ሰሌዳውን አየ። ቀጥሎ በግራ በኩል የተተከለውን መሪ አየ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ወረደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ» አለ፣ «እኛ ዘንድ እኮ ተገልብጧል። በቀኝ ካበራሁልህ ከፊት የሚመጣ አለ፣ አትውጣ ማለቴ ነው። እለፍ የምልህ በግራ ነው። ማንም አልነገረህም?»

ማን ይነግረዋል? በድሉ የማያውቀውን ሁሉ ጠይቆ ነበር። ይህን ግን የሚያውቀው መስሎት ነበር። የሚያውቁትን ማን ይጠይቃል?

ቁልፉን ነቅሎ በጋሽ ወራሳ መዳፍ ላይ አኖረ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ከዚህ በኋላ መኪና አልነዳም። እዚህም ሆነ እዚያ።»

ሽማግሌው ሰዎቹን ቃኙ። ዳገቱ ላይ አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ሌላ መንዳት የሚችል የለም። ሐሰን ነው ተነሥቶ የተናገረው፦ «እኔ ከፊት ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ አንተ ጅራቴን ይዘህ ተከተለኝ። ወርጄ እግርህን ስሜ እለፍ ብልህ እንኳ እንዳታልፈኝ።»

አንዲት ሴት ከኋላ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ጋሽ ወራሳ ቁልፉን መልሰው ለበድሉ ሰጡት።

የቀረውን መንገድ በድሉ እንዴት እንደነዳው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሐሰን ፍሬቻውን ባበራ ቁጥር፣ በግራም ሆነ በቀኝ፣ ልቡ ስንጥቅ ይል ነበር። ጭሱን እየዋጡ፣ አንድም ሰው ሰዓት ሳይጠይቅ፣ ማርሳቢት ገቡ።

ሠርግ ቤቱ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የሙሽራዋ ዘመዶች ደጃፉ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ፊታቸው ሁሉ ጨልሟል። የሙሽራዋ አጎት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

«ሰው አክብሮ ቀጥሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል?» አሉ። ከዚያ በሽቦ የተንጠለጠለውን የመስታወቱን ስባሪ አዩ፤ ዓይናቸው ወደ በድሉ ዞረ። «ይሄ ምንድን ነው? ሹፌሩ ጠጥቶ ነው የመጣው?»

በድሉ የሚኒባሱን በር ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጋሽ ወራሳ አሁን የሚናገሩት አንድ ቃል ከሰዎቹ ጋር ዲላ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የእሱን ተራ የሚጠብቅ እናት አይኖርም። ዳገቱ ላይ ሞትን የፈራውን ያህል ይህንንም ፈራ።

ጋሽ ወራሳ ከመኪናው ቀስ ብለው ወረዱ። አቧራቸውን አራገፉ፤ አጎትየውን በትከሻ ሳሙ፤ ስለ መዘግየታቸውም ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ የበድሉን እጅ ይዘው ወደ ፊት አመጡትና ከጎናቸው አቆሙት።

«ይህ ሰው ውኃ እንጂ ሌላ አልቀመሰም» አሉ። «ከእሱ የበለጠ ጠንቃቃ ሹፌርም አላውቅም፤ ስመለስም ከእሱው ጋር ነው የምመለሰው። መንገድ ላይ ሌባ ነው የገጠመን።»

«ሌባ?» አሉ አጎትየው ደንግጠው። «የት ላይ? የማን ወገን ነው? ለፖሊስ እንንገር እንጂ!»

«ይዘነው ነው የመጣነው፤ ከገዛ ቤታችን የወጣ ነው» አሉ ጋሽ ወራሳ፤ በዳገቱ ላይ የሆነውን፣ የፍሬቻውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳይደብቁ ተረኩላቸው፤ ሰዎቹም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰምተው ሲያበቁ ሽማግሌው የበድሉን እጅ ሳይለቁ እንዲህ አሉ፦ «ልማድ ባገሩ ዳኛ፣ በሰው አገር ቀማኛ።»