የጭሬ አምባው መምህር ለምን ጓዙን ጠቀለለ

ከጭሬ አምባ ሰዎች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ። ከሩቅ የሰማው ሰው ስለ በቅሎ ወይም ስለ አህያ የተነገረ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከጭነት ከብት ጋር አይገናኝም። መነሻው መምህር ይማም ነው፤ መጀመሪያ የተናገሩትም ጓዳቸውን ያከራዩት እማማ ሩቅያ ናቸው።

ይማም ጭሬ አምባ ሲመጣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ነበር። ትምህርት ቤቱ ከእማማ ሩቅያ አጥር ማዶ ነውና ጠዋት ጠዋት ግቢያቸውን ሲጠርጉ፣ ይማም የሚያስተምራቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደሉን በዜማ ሲያወርዱት ይሰማሉ። ዓመቱ ሳይጋመስ የልጅ ልጃቸው ሰዓዳ የመድኃኒት ብልቃጥ አንስታ የተጻፈበትን አነበበችላቸው። እሳቸውም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ "ይህ ልጅ የአላህ ስጦታ ነው" አሉ።

ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ ልትወልድ ስትሄድ ርዕሰ መምህሩ አቶ ደጀኔ ይማምን ጠሩት።

"ልጆቹ ሜዳ ላይ ከሚውሉ አንተ ጋ ይግቡ። ለጊዜው ነው።"

"እሺ ጋሼ" አለ።

ሁለቱ ክፍል አንድ ላይ ታጨቀ፤ ወንበር ያልደረሳቸው መሬት ተቀመጡ። ቀጥሎ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አሰን መጡና የጎልማሶቹን የማታ ትምህርት እንዲይዝ ጠየቁት። "አንተ ከያዝከው ሰው ይመጣል" አሉት። እሺ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍለት ፈለገ፤ እሺ አለ። ኳስ የሚያሰለጥን ታጣ፤ እሺ አለ። የቀረችው ቅዳሜም ደካማ ልጆችን በማስጠናት ሄደች። እሺ ባለ ቁጥር ይመርቁታል፤ ከመረቁት በኋላ ደግሞ ሌላ ይዘው ይመጣሉ። ልትወልድ የሄደችው አስተማሪ በዚያው ዝውውር አግኝታ ስትቀር፣ ለጊዜው የተባለውም ቋሚ ሆነ።

እማማ ሩቅያ ለውጡን ያዩት በምሳው ነው። ያቀረቡለት ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ድምፁ ሻከረ። ከአጥር ማዶ ዜማው ቀረና በምትኩ አለንጋ ጠረጴዛ ሲመታ ይሰማቸው ጀመር።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?"

"ምንም አልሆንኩም እማማ። ድካም ነው።"

"አብሽር፣ ያልፋል" አሉት። እዚያው ላይም ሰዓዳን ከትምህርት በኋላ ሒሳብ እንዲያሳያት ለመኑት። እሺ አላቸው።

ግንቦት ላይ ሰዓዳ እያለቀሰች ገባች። አልገባኝም ብትለው "ድንጋይ ነሽ፣ ውጪልኝ" ብሏታል። እማማ ሩቅያ ሊቆጡት ወደ ጓዳው ሲገቡ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ሲከት አገኙት። ቁጣቸው ጠፋባቸው።

"ወዴት ነው?"

"ደሴ፣ አጎቴ ጋ። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው።" ቀና ብሎ አላያቸውም። "ዛሬ ስሰድባት ከፊቴ የቆመችው ማን እንደሆነች እንኳ አላየሁም፣ እማማ። ልጅ የጠላ ሰው ማስተማር የለበትም።"

"አንተ ልጅ አትጠላም።"

"እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።"

ከሰዓት በኋላ በመጣው መኪና ሄደ።

ወላጆቹ ባዶ በቀረው ክፍል ተሰበሰቡ። አንዱ "ከተማ አምሮት ነው" አለ። ሌላው "የዛሬ ወጣት ሥራ አይችልም" አለ። እማማ ሩቅያ ይህን ሲሰሙ ወደ ተናገረው ሰው ዞሩ።

"ለመሆኑ አንተ ምን አዘኸው ነበር?"

"እኔማ ኳሱን ብቻ ነው።"

"አንተስ አሰን?"

"የማታውን ብቻ።"

ከኋላ አንዱ "ቃለ ጉባኤውን ብቻ" አለ። አቶ ደጀኔ አንገታቸውን ደፍተው "ሁለተኛ ክፍልን ብቻ" አሉ።

"እኔም ሰዓዳን ብቻ። ያውም መድከሙን በአፉ ነግሮኝ" አሉ እማማ ሩቅያ። "ሁላችንም አንድ አንድ ብቻ ጫንን፤ ሁሉንም የተሸከመው ግን እሱ ብቻውን ነው።"

እዚያው ሥራውን መከፋፈል ጀመሩ። ሁለተኛ ክፍልን አቶ ደጀኔ ራሳቸው ሊያስተምሩ ወሰዱት። ኳሱን ጎረምሶቹ፣ ቃለ ጉባኤውን አሥረኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ገበሬ ያዙ። የቅዳሜው ጥናት ይቅር፣ የማታው ትምህርትም ሌላ አስተማሪ እስኪገኝ ድረስ ይዘጋ ተባለ። አቶ አሰን ቅር አላቸው፤ ግን አልተከራከሩም።

እማማ ሩቅያና አቶ ደጀኔ ደሴ ሄደው ይማምን እጁ ግራሶ ነክቶት አገኙት።

"እንደ ድሮህ ሁን ልንልህ አልመጣንም" አሉት አቶ ደጀኔ። "ያንተ አንደኛ ክፍል ነው። ሌላ የሚያዝህ ካለ መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ።"

ይማም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ።

"ሰዓዳ ምን አለች?"

"መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብላለች" አሉ እማማ ሩቅያ።

ተመለሰ። ሰዓዳንም በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ድምፁ ወዲያው አልተመለሰም፤ ዜማው እንደገና አጥሩን የተሻገረው ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማረ።

አንድ ቅዳሜ ግን አቶ አሰን በእማማ ሩቅያ ደጅ ሲያልፉ ይማምን በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አዩት። ወደ እማማ ሩቅያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይህ ልጅ ድሮ የማይችለው አልነበረም እኮ፣ እማማ። ያኔ ጥሎን የሄደውም ስንፍና ጀምሮት ነው።"

እማማ ሩቅያ የሚለቅሙትን ምስር ሳይተዉ መለሱላቸው፦ "ይችላል ብለው ጫኑት፣ ሲወድቅ ሰነፍ አሉት።"