የዘርትሁን ትከሻ

በቆቅ አምባ ራስ ላይ፣ ምንጭ በሌለበት፣ የክረምቱን ዝናብ ከዓመት ዓመት የሚያቆይ ከዐለት የተፈለፈለ ኩሬ አለ። ዙሪያውን የኖራ ግንብ ቆሞበታል፤ በምሥራቅ በኩል ብቻ ግንቡ ተከፍቶ፣ ዐለቱ በመሮ ተቦርቡሮ፣ እያዘቀዘቀ ውሃው ውስጥ የሚገባ ጠባብ መውረጃ ይታያል። እንስራ ለተሸከመች ሴት አይመችም፤ በሬም አያሳልፍም። ስሙ «የዘርትሁን ትከሻ» ነው። የአገሩ ሰው ለምን እንዲህ እንደተባለ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ የአገር ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በአጠገቡ አልፈው አንድ መስመር አልሰጡትም። የሚያዩት ግንብ ያቆመውን እንጂ ያስፈረሰውን አይደለም።

እንደሚነገረው፣ ኩሬው በተቆፈረበት ዘመን የአምባው ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ርኩሰትን ነበር። ውሻ የሞተበት ውሃ አይጠጣም፤ ይደፋል። ስለዚህ ከብትም ውሻም እንዳይደርስበት ብለው ዙሪያውን ግንብ አቆሙ፣ ውስጡንም በኖራ አለሰለሱት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የተጠማ ውሻ ከጎኑ ካለው ቋጥኝ ላይ ዘልሎ ገባና መውጫ አጥቶ ሞተ፤ ውሃው ተደፋ፤ ሰዉም በጋውን ገደል እየወረደ ከቆላ ወንዝ ሲቀዳ ከረመ። ግንቡን ከፍ አደረጉት። በዓመቱ ሌላ ውሻ ገብቶ ሞተ፤ ውሃው ተደፋ፤ ግንቡም ከሰው ቁመት በለጠ። ሰው ስሕተቱን ቶሎ አይተወውም፤ ከፍ አድርጎ ይገነባዋል። ይህን በሩቅ አገርም አይቻለሁ፤ የእኛ ብቻ አይደለም።

ዘርትሁን ባሏን የቀበረች፣ ልጅ ያልወጣላት ሴት እንደነበረች፣ ከአምባው ጠርዝ ባለች ጎጆም ጉልቤ ከሚባል ውሻዋ ጋር ብቻዋን ትኖር እንደነበር ይነገራል። ጅቡን ከበሯ የሚመልስላት፣ ስትታመም ከእግሯ ሥር የማይነሣ እሱ ነበር። አንድ የመስከረም ማለዳ፣ ዝናቡ አብቅቶ ኩሬው ጢም ብሎ ሳለ፣ ጉልቤ ሽኮኮ ሲያባርር ከቋጥኙ ላይ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

ሰዉ ቋጥኙ ላይ ተሰበሰበ። ውሻ መዋኘት ያውቃል፤ የሚገድለው መውጫ ማጣቱ ነው። ጉልቤም ከወደቀበት ቦታ ሌላ መውጫ ያለ አልመሰለውም፤ ኖራውን በጥፍሩ ይቧጥጣል፣ ይንሸራተታል፣ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። የጠፍር ሸምቀቆ ሲጥሉለት ደንግጦ ይሸሻል። በድንጋይ ይመታ ያለም ነበር፤ ደሙ ውሃውን ያረክሰዋል ብለው ተዉት።

«ይህች ሴትዮ ውሻዋን ማሰር አታውቅም?» አለ ግንቡን ያሠራው ጭቃ ሹም ደምለው።

«እርስዎስ በሬዎን በሰው ማሳ ሲለቁ ማን አሰረልዎ?» አለችው ዘርትሁን። ይህን ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ከቋጥኙ ወደ ግንቡ ራስ ተሻገረች፣ ሰው ሁሉ እያየ ቁልቁል ተንሸራታ ገባች።

መዋኘት አታውቅም ነበር። እንደሚባለው ግን እግሯ ከውሃው በታች ዙሪያውን የሚሄድ ጠባብ የዐለት እርከን አገኘ፤ ውሃውም አገጯ ላይ ቆመ። ጉልቤ የፊት እግሮቹን ትከሻዋ ላይ ጣለ፣ ራሱን ራሷ ላይ አሳረፈ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ከላይ ገመድ ወረወሩላት።

«ያዢ፣ እቴ ዘርትሁን፣ ያዢ!» አለ ደምለው።

«ለእኔስ ገመድ መጣልኝ» አለች ከታች። «ለእሱስ?»

«ውሻ ነው እኮ! ለውሻ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«ብሞት ውሃውን ትደፉታላችሁ፣ ጭቃ ሹም። የሰው ሬሳ ያደረበትን አትጠጡም። ግንቡን አፍርሳችሁ ሁለታችንንም በእግራችን ካወጣችሁን ትጠጡታላችሁ። ምረጡ። ግን ቶሎ ነው፤ ይበርዳል።»

አንድ ሰው ሳቀ ይባላል፤ ሳቁ ግን አልቆየም፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ሄዷልና። ደምለው ከሰዉ መካከል ወደቆሙት የአምባው ቄስ ዞረ። ቄሱም «ውሻው ገና አልሞተም» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የመጀመሪያውን ድንጋይ የነቀለው ራሱ ደምለው ነው ይላሉ። ዶማም መሮም ያለው ሁሉ ገባበት፤ የአምባው ዐለት ብረት የሚያጥፍ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ቀን እንደ እርጥብ ሸክላ ተቆረሰላቸው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መሮው ያረፈበት ቦታ ግን ጣት እንደገባበት ጭቃ ለስላሳ ነው። ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልዘፈነም። በመዶሻው ምት መካከል የሚሰማው የውሻው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መውጫው ከውሃው ደረሰ። ጉልቤ ግን አላየውም፤ ከትከሻዋ ወርዶ ወደ ወደቀበት ዋኘ፣ ኖራውንም እንደገና ይቧጥጥ ጀመር። ቢጠሩት አልሰማ። ያን ጊዜ ዘርትሁን የደነዘዙ እግሮቿን በእርከኑ ላይ እየጎተተች ተከተለችው፤ አቅፋ መለሰችው፤ መዳፎቹን በገዛ እጇ አዲሱ ዐለት ላይ አኖረቻቸው። ወጣ። እሷም በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ከኋላው ወጣች።

ጉልቤ ከላይ ደርሶ ተራገፈ፤ ውሃው የቄሱን ነጭ ጥምጣምና ፊታቸውን አራሰው። ውሻ የነካው ርኩስ ነውና ሕዝቡ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቄሱ እጃቸውን አነሡ፤ ፊታቸውን ግን አልጠረጉም። አማተቡ፣ ቅል አስመጡ፣ ከኩሬው ቀድተው ጠጡ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ዘርትሁን የሚነገረው ጥቂት ነው። የደምለው መቃብር ይታወቃል፤ የእሷን የሚያውቅ የለም። የግንቡ ምሥራቅ ግን ዳግመኛ አልተዘጋም። ዛሬም በቆቅ አምባ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው የክረምቱ ውሃ ሲሞላ ወደ ኩሬው ያመጣዋል፤ ሆዱን በመቀነት ደግፎ ከአራቱም ማዕዘን ያስገባዋል፤ ከየትም ቢወድቅ ወደ ምሥራቅ መዞርን እስኪለምድ ድረስ መዳፉን ዐለቱ ላይ እያኖረ ያሳየዋል። መንገድ መክፈት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃሉና። እስከዚያ ድረስ ከአዲሱ ውሃ የሚቀዳ የለም። ቡችላው በራሱ የወጣ ዕለት ሹሙም፣ ካህኑም፣ ሙሽራዋም በአዲስ ልብሷ፣ ተጠግተው ይቆማሉ፤ ሲራገፍም ፊቱን የሚያዞር የለም።